የተመለሰውና ያልተመለሰው

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ኮምፒውተር ነው። “ይህ ደግሞ ከመንፈሳዊ ሕይወት ጋር ምን አገናኘው?” የምትሉ ጥቂት ታገሡኝ፤ ጌታ የደበቅሁትን ዕዳ ያሳየኝ በዚሁ በኩል ነውና።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንዲት ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ነገሩ የሆነው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የተቋረጠው ኢንተርኔት እኛ ዘንድ ገና አልተመለሰም ነበር። ኮምፒውተር ሲበላሽ መፍትሔ ፈልጎ ማውረድ የለም፤ ፕሮግራም የምንቀባበለው በፍላሽ ነው።

አንድ ቀን ፕሪንተሬ አልታዘዝ አለኝ። ከሰው በተዋስሁት ፍላሽ ላይ ለሁሉም ፕሪንተር ይሆናል የሚባል የድራይቨር ፕሮግራም አገኘሁና ሳልጠይቅ ጫንሁት። ላፕቶፑን አጥፍቼ ሳስነሣው ሰማያዊ ገጽ አሳይቶኝ ጠፋ። ደግሜ ሞከርሁ፤ ያው ነው።

ለብቻዬ ቢሆን ባልከፋ። ከጃቢ ጠህናን ገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ግን በዋዜማው የመሬት ክርክር መልሳቸውን አስጽፈውኝ ነበር፤ ስድስት ገጽ። ቀጠሯቸው በማግስቱ ነው። በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ “ልጄ፣ ደረሰ?” ይሉኛል። “ትንሽ ይታገሡኝ አባቴ” እላለሁ፤ ላብ ግን በጀርባዬ ይወርዳል።

አንድ ጥገና የሚሠራ ልጅ መጥቶ አየውና “ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም” አለኝ። ፎርማት ማድረግ ማለት ሲ ድራይቭ ላይ ያለውን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። የአዛውንቱ ጽሑፍ ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሁሉ የሚቀመጠው እዚያው ሲ ድራይቭ ውስጥ ነው።

ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረኝ፤ ቡሬ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ። ነገር ግን ከተኳረፍን አንድ ወር ሊሞላን ነው። በኅዳር የአባታችንን ማሳ በቆሎ ሸጬ፣ ድርሻውን ሳልሰጠው ወረቀትና ቶነር ገዛሁበት። ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ “አባባ በታመመ ጊዜ ማን ነበር የሮጠው?” ብዬ አፌን ከፈትሁበት። ምንም ሳይመልስ ወጥቶ ሄደ። እኔ ግን እሑድ እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ቆሜ እዘምር ነበር።

አዛውንቱን አየሁና ደወልሁ።

“አቤት ጋሼ” አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። የሆነውን ነገርሁት።

“ፎርማት እንዳታስደርገው። ባለፈው ስመጣ ሪስቶር ፖይንት ፈጥሬልህ ነበር። ወደዚያ ትመልሰዋለህ።”

“ወደ ኅዳር ከተመለሰ ትናንት የጻፍሁት ሊጠፋ አይደለም?”

“አይጠፋም። ሲስተም ሪስቶር የሚመልሰው የዊንዶውስን ፋይሎች፣ ሬጅስትሪውን፣ ድራይቨሮቹንና የተጫኑትን ፕሮግራሞች ነው። የጻፍኸውን ደብዳቤና ፎቶህን አይነካም።”

ላፕቶፑ መነሣት ሲጀምር ማብሪያውን ተጭኜ እንዳጠፋው፣ ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ እንድደግመው ነገረኝ። ዊንዶውስ 10 ደጋግሞ መነሣት ሲያቅተው ራሱ የጥገና ገጽ ይከፍታል። ከዚያ “ትራብልሹት”፣ ቀጥሎ “አድቫንስድ ኦፕሽንስ”፣ ቀጥሎ “ሲስተም ሪስቶር”። ኢንተርኔት አልጠየቀኝም። አንድ ነጥብ ከነቀኑ ወጣልኝ፤ ወንድሜ “ሁሉም ደህና” ብሎ ሰይሞታል። የጻፈው ከመጣላታችን ጥቂት ቀደም ብሎ ነው።

“ባትሪው ሙሉ ነው? ከጀመረ መቋረጥ የለበትም” አለኝ። ሙሉ ነበር። “ፊኒሽ” የሚለውን ተጫንሁና አንገቴን ደፍቼ ጸለይሁ።

ላፕቶፑ ተነሣ። ያ ክፉ ድራይቨር የለም። ስድስቱ ገጾች ግን እንዳሉ ናቸው፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ፕሪንተሬ እንደ ሆነ እንቢ እንዳለ ነው፤ በፍላሽ ገልብጬ ጎረቤት አሳተምሁላቸው። አዛውንቱ መርቀውኝ ሄዱ።

ልዘጋው ስል ከእሳቸው ጽሑፍ አጠገብ ሌላ ፋይል ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ “የበቆሎ ሒሳብ” ይላል። እሱም አልጠፋም። የወንድሜ ድርሻ በስሙ ትይዩ፣ በገዛ እጄ እንደ ጻፍሁት ተቀምጧል።

ወገኖቼ፣ በዚያች ሰዓት መንፈስ ቅዱስ ወቀሰኝ። እኔ ንስሐን እንደ ፎርማት ነበር የማስበው፤ ማታ ተንበርክኬ ይቅር በለኝ እላለሁ፣ ጠዋት ሁሉ ነገር ባዶ ሆኖ ይጀምራል። እውነት ነው፣ በክርስቶስ ደም ኃጢአታችን ይሰረያል፤ በዚህ አንጠራጠርም። ለወንድሜ ያልከፈልሁት ገንዘብ ግን ከኪሴ ራሱ አይወጣም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ዘኬዎስ ጌታን በደስታ በቤቱ ከተቀበለ በኋላ ያደረገውን አስቡ፤ ሒሳቡን ከፈተ፤ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። መዳኑን በገንዘብ አልገዛም፤ የተመለሰ ልብ ግን የቆየውን መዝገብ ለመክፈት አልፈራም። በማቴዎስ ምዕራፍ 5ም ጌታ መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን አስቀድመን ከወንድማችን ጋር እንድንታረቅ ያዘናል። እኔ መባዬን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ወንድሜ ግን ቡሬ ነው።

መንገዱ በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን ተሳፈርሁ። ማንኩሳን አልፈን ቡሬ እስክንደርስ ምን እንደምል ሳሰላስል ነበር። ስደርስ የተዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። “በድዬሃለሁ” አልሁት፤ የድርሻውን እኩሌታ ሰጠሁት፣ ቀሪውን በሁለት ወር ልከፍል ቃል ገባሁ። ዝም ብሎ ቆየና “ቁርስ በልተሃል ጋሼ?” አለኝ።

ከቁርስ በኋላ ላፕቶፑን ከፍቶ አስተማረኝ፤ ለእናንተም ይጠቅማል። በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ “ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት” ብላችሁ ጻፉና ክፈቱት። “ሲስተም ፕሮቴክሽን” የሚለው በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ጠፍቶ ይገኛል፤ ሲ ድራይቭን መርጣችሁ “ኮንፊገር” በሚለው ገብታችሁ አብሩት፤ ከዲስኩ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝም ወስኑለት። ከዚያ “ክሪኤት” የሚለውን ተጭናችሁ ስም ስጡት። አዲስ ፕሮግራም ወይም ድራይቨር ከመጫናችሁ በፊት ይህን ልማድ አድርጉት። ከተበላሸ በኋላ የሚፈጠር ነጥብ ብልሽቱን ይዞ ይቀመጣል።

ወሰኑንም እወቁ። የተመደበለት ቦታ ሲሞላ የቆዩት ነጥቦች ይሰረዛሉ። ሰነዶቻችሁን ስለማይነካ የሰረዛችሁትን ደብዳቤ አይመልስላችሁም፤ ዲስኩ ከተቃጠለ ወይም ላፕቶፑ ከተሰረቀ ነጥቡም አብሮ ይሄዳል። አስፈላጊ ሰነድ በሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ቅጂ ይኑረው። በፋይል ውስጥ የተደበቀ ቫይረስንም ለማጥፋት አትመኑበት።

ቀሪውን ገንዘብ ከፍዬ ጨርሻለሁ። ከወንድሜ ጋር ገና ሙሉ በሙሉ እንደ ቀድሞው አይደለንም፤ ሳቁ ሲመለስ አየዋለሁ፣ ጨዋታው ግን ቀስ እያለ ነው። እኔም አልቸኩለውም። እናንተስ? ጌታ ይቅር ያላችሁ፣ እናንተ ግን ያልከፈታችሁት ፋይል አለ? ዛሬ ክፈቱት፤ ደውሉ።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ስለ ምሕረትህ አመሰግንሃለሁ። ልቤን መልሰህልኛልና በእጄ ያለውን የሰው ገንዘብ፣ በአፌ የወጣውን ክፉ ቃል እንዳስተካክል ጉልበት ስጠኝ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ጸጋ ይብዛላችሁ።