ጤፍ ካለ እንጀራ አለን?

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ነው። እኛ ባለንበት በአሜሪካ ግን ሕግ ለመማር የሚያስብ ተማሪ አስቀድሞ በሌላ ትምህርት ዲግሪውን መጨረስ አለበት፤ ከዚያም አብዛኛው አመልካች ኤልሳት በሚባለው ፈተና ተመዝኖ ነው በሩ የሚከፈትለት። በአርትስ ኮሌጅ ታሪክ፣ ፍልስፍናና ሥነ ጽሑፍ የምንማር አምስት ኢትዮጵያውያን ይህ በር ከፊታችን ስለ ተደቀነ፣ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት እየተሰበሰብን እርስ በርሳችን ስንጠያየቅና ስንተራረም ከርመናል። ከኛ በኋላ የሚመጡ ወንድሞችና እኅቶች ስለ ጉዳዩ ደጋግመው ስለ ጠየቁን፣ ያየነውን በዚህ መጽሔት ለማስፈር ወደድን።

ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ይቆጠራል። ዛሬ አራት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም 35 ደቂቃ ነው። ከአራቱ አንዱ ለሙከራ የገባ ስለሆነ ነጥብ አይያዝበትም፤ የትኛው እንደሆነ ግን ለተፈታኙ አይነገረውም። ቀድሞ ሰዎችን በወንበር የማስቀመጥ፣ ዕቃን በየተራው የመደርደር ዓይነት እንቆቅልሽ የሚቀርብበት ክፍልም ነበረው፤ ይህ ከኦገስት 2024 ወዲህ ቀርቷል። አሁን ነጥብ ከሚያዝባቸው ሦስት ክፍሎች ሁለቱ ክርክርን መመርመር ናቸው። እንግዲህ ሎጂክ የማይወድ ሰው መሸሸጊያ አጣ ማለት ነው። በአንዱ ክፍል 25 ያህል ጥያቄዎች ስለሚቀርቡ ለአንዱ የሚደርሰው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ያንሳል።

ጥያቄው ራሱ አጭር ነው። አንድ ሰው ጥቂት ነገር ተናግሮ አንድ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል፤ ተፈታኙም ክርክሩ የቱ ላይ እንደሚላላ፣ ምን ቢጨመርበት እንደሚጠና፣ ሳይናገር በውስጡ የያዘው ሐሳብ ምን እንደሆነ ከአምስት ምርጫዎች መካከል ይለያል። ሲነገር ቀላል ይመስላል። እኛ ግን በመጀመሪያው ቅዳሜ በራሳችን ቋንቋ ያወጣነው አንድ ምሳሌ ግማሽ ሰዓት አከራከረን። ምሳሌው እንዲህ የሚል ነበር፦ ያለ ጤፍ እንጀራ አይጋገርም፤ በዚህ ቤት ጤፍ አለ፤ ስለዚህ በዚህ ቤት እንጀራ ይጋገራል።

አንደኛው ጓደኛችን ወዲያው ተነሥቶ፣ «የመጀመሪያው ቃል ሐሰት ነው፤ እናቴ እዚህ አገር ገብስና ስንዴ ቀላቅላ ስትጋግር ሃያ ዓመት ሆናት» አለ። ስለ እንጀራው እውነቱን ነው። ስለ ፈተናው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፈተናው መነሻውን እንድንቀበል ይፈልጋል፤ የሚጠይቀን ከመነሻው ወደ መደምደሚያው የሚያሻግረው ድልድይ ጠንካራ መሆኑን ነው። ጤፍ የግድ ያስፈልጋል ማለት ጤፍ ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም፤ እርሾ አለ፣ ምጣድ አለ፣ ከሁሉም በላይ የሚጋግር ሰው አለ። እንጀራ ካለ ጤፍ ነበር ማለት ይቻላል፤ ጤፍ ካለ እንጀራ አለ ማለት ግን አይቻልም። በዚህ በአንዱ ስሕተት ላይ የተሠሩ ጥያቄዎች በእያንዳንዱ የልምምድ ፈተና አላጣናቸውም።

እዚህ ላይ አማርኛችን ያልጠበቅነውን ርዳታ ሰጠን። በእንግሊዝኛ «አንለስ» የምትባለው ቃል ብዙውን ተማሪ ታደናቅፋለች። እኛ ግን «ካልተገኘ በቀር» ብለን ስንመልሳት፣ አፍራሽዋ ቃል ቀድሞውኑ በውስጥዋ እንዳለች አየን። «ጤፍ ካልተገኘ በቀር እንጀራ አይጋገርም» ከሚለው ላይ «በቀር»ን ብናነሣት የሚቀረው ራሱ ትክክለኛው አካሄድ ነው። እርግጥ በፈተናው ቀን ለትርጉም ጊዜ የለም። ቢሆንም ነገሩ አንድ ጊዜ በእናት ቋንቋ ከገባ በኋላ በእንግሊዝኛው አይጠፋም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ጉዳይ እንምጣ፤ የሚጠይቁንም አብዛኛውን ጊዜ ይኸንን ነው። አስጠኚ መቅጠር ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? ይህን ያህል ነጥብ እናስጨምራለን እያሉ የሚያስታውቁ አሉ፤ የአንድ ሰዓት ዋጋቸውም የታክሲ ነጂ አባቶቻችንን የግማሽ ቀን ድካም የሚወስድ ነው። ከመካከላችን የአንዷ እናት ይህን ሰምተው የእቁብ ዕጣቸው ሲወጣ ገንዘቡ ለአስጠኚ እንዲውል ወሰኑ። ልጅቱ ተጨነቀች። እቁቡ የተጣለው ለሌላ ነገር እንደነበረ ታውቃለች።

ሄዳ አራት ሰዓት ተማረች። አስጠኚው ደኅና ሰው ኖሮ መልሱን አላስረዳትም። አምስቱን ምርጫዎች በወረቀት ይሸፍንና፣ «መደምደሚያው የቱ ነው? ምን ይጎድለዋል? በራስሽ ቃል ንገሪኝ» ይላታል። ካልተናገረች ወረቀቱን አያነሣም። ይህንኑ ይዛልን መጣች። ከዚያ ወዲህ አንዱ ያነባል፣ ሁለተኛው መደምደሚያውን ይናገራል፣ ሦስተኛው ጉድለቱን ያወጣል፤ ምርጫዎቹ የሚታዩት ከዚያ በኋላ ነው። ትክክለኛውን መልስ ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ አራቱ ለምን እንደማይሆኑ አንድ በአንድ መነገር አለበት። ለምሳሌ አዲስ ቡና ቤት ከተከፈተ ወዲህ የቀድሞው ቡና ቤት ገበያ ቀንሷልና ደንበኞቹን የወሰደው አዲሱ ነው ቢባል፣ ተናጋሪው ሌላ ምክንያት እንደሌለ በልቡ ይዟል። ይህን በልቡ የያዘውን ገልብጠን፣ ተማሪው ሁሉ ለዕረፍት ሄዶ እንደሆነስ ብንል ክርክሩ ይፈርሳል። ሲገለበጥ ክርክሩን የሚያፈርስ ሐሳብ ለክርክሩ የግድ አስፈላጊ ነበረ ማለት ነው።

በበኩላችን ከአስጠኚ የሚገዛው ዋናው ነገር «ለምን?» ብሎ ዝም የሚል ሰው ነው ብለን እናምናለን። ይህን ደግሞ ጓደኛም ያደርገዋል፣ መልሱን ለመንገር ካልቸኰለ። የቀረው የእቁብ ገንዘብ ለፈተናው መመዝገቢያና ለማመልከቻ ሆነ። እናትየዋ ግን አሁንም፣ «ከፍለሽ ብትማሪ አይሻልም ወይ?» ማለታቸውን አልተዉም።

ስለ ቤተሰብ ከተነሣ አይቀር፣ ይህን ትምህርት ወደ ቤት ይዞ መግባት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቤታችን አንድ ሽማግሌ ተረት ከጣሉ ክርክሩ አለቀ። ከኛ አንዱ አባቱን፣ «አባባ፣ መደምደሚያው ከመነሻው አይከተልም» ቢላቸው፣ «እንግዲያውስ የዚህን ወር ኪራይ ከመነሻው ክፈላት» አሉት።

የሆነ ሆኖ ፈተናው የማይደርስበትም ነገር አለ። ዱሮ በአገራችን በላ ልበልሃ በሚባለው ሙግት ተሟጋቾች በማርና በበቅሎ እየተወራረዱ፣ በቆሙበት ሲመላለሱ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ መንገደኛው ራሱ ዳኛ ሆኖ የሚሰየምበትም ጊዜ ነበር። እዚያ የሚመዘነው በሰው ፊት ቆሞ መናገር ነው። ኤልሳት የሚመዝነው የሌላውን ነገር ሰምቶ መለየትን ብቻ ነው፤ ተፈታኙ በእነዚህ ክፍሎች አንዲት ቃል አይናገርም። 170 ያመጣ ሁሉ ጥሩ ጠበቃ ይሆናል የሚል ሰው ቢኖር፣ የጤፉን ምሳሌ እናነብለታለን።

ለመጀመር ለሚያስቡ፦ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ምክር ቤት ሎውሀብ በሚባለው ስፍራው ላይ እውነተኛ የቀድሞ ፈተናዎችን በነጻ ያቀርባል፤ አቅም ለሌለውም አመልክቶ ሲፈቀድለት የመፈተኛው ክፍያ ይቀርለታል። ማመልከቻው ጊዜ ስለሚወስድ አስቀድሞ መላክ ነው። ከአምስታችን ሁለቱ በመጪው ጁን ይፈተናሉ። እስከዚያው ቅዳሜ ከቀኑ በ8 ሰዓት በምድር ቤቱ እንገኛለን። ጠረጴዛው ለስድስት ሰው ይበቃል፤ ሰባተኛ ከመጣ ወንበር ከላይ እናወርዳለን።