ይሉኝታ በረዶ ላይ አይሠራም!

ስኪ የፈረንጅ ቅብጠት ይመስለኝ ነበር። ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ከኖርኩ በኋላ ግን አንድ አብሮ አደጌ እየጎተተ አስለመደኝ። ሦስት የበረዶ ወቅት በተጠረገ መውረጃ ላይ ስንንሸራተት ቆየንና፣ "እንግዲህ ማሽን ያልነካው፣ እንደ ዱቄት የላላው በረዶ ላይ እንውጣ" አለኝ። መንገድ መሪ ቀጥረን፣ ከሌሎች ሁለት ደንበኞች ጋር በርተድ ፓስ ወደሚባለው የተራራ በር ሄድን። ከፍታው 3,446 ሜትር ነው። እኔ ደግሞ የደብረ ብርሃን ልጅ! ብርድና ዳገት ምን ያደርገኛል ብዬ ደረቴን ነፋሁ። የደረሰብኝን ከማውራቴ በፊት ግን ለመሄድ ላሰባችሁ የሚጠቅመውን ላስቀድም።

አንደኛ፦ በተጠረገው መውረጃ ላይ ቀጥ ያለውን ቁልቁለት ሳትወድቁ መውረድ ካልቻላችሁ ይቅርባችሁ። እዚያ ሽቅብ የሚያወጣ ወንበር የለም። ወደ ኋላ እንዳያንሸራትት ከስኪው ሥር "ስኪን" የሚባል ጨርቅ ይለጠፍና ዳገቱ በእግር ይወጣል። ሲወርዱ ደግሞ ሁለቱን እግር እኩል መጫን ነው፤ አንዱን ብቻ ከተጫኑት በረዶው ይውጠዋል። ሰፋ ያለ ስኪ ተከራዩ።

ሁለተኛ፦ ጥጥ አትልበሱ። ላብ ይዞ ይቀርና ቆም ስትሉ ያንዘፈዝፋችኋል። ከሥር ሱፍ፣ ከላይ ንፋስ የሚከለክል ልብስ ይሁን። ወፍራሙ ጃኬትና ትርፍ ጓንት ቦርሳ ውስጥ ይቆዩ።

ሦስተኛ፦ የዕለቱን የበረዶ ናዳ ደረጃ አንብቡ። የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በበረዶ ወቅት በየቀኑ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ያወጣል። 3 ሲባል "መካከለኛ ነው" ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ብዙ ሰው የሚሞተው በዚሁ በ3 ነው። የኮሎራዶ በረዶ ጠባዩ ክፉ ነው። መጀመሪያ የሚጥለው ስስ በረዶ በብርዱ ብዛት ይለወጥና እንደ ጤፍ ፍሬ የማይያያዝ ይሆናል። በላዩ ከባድ በረዶ ሲጫንበት፣ ጤፍ ላይ የተነጠፈ ሳንቃ በሉት! ቁልቁለቱ ከ30 ዲግሪ ካለፈ፣ ሰው ሲረግጠው ሊሄድ ይችላል።

አራተኛ፦ እያንዳንዱ ሰው ቢከን፣ መመርመሪያ ዘንግና አካፋ ይያዝ። ቢከን ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ ነው፤ ናዳ የቀበረውን ሰው ጓደኞቹ የሚያገኙት በሱ ነው። ሰውነት ላይ ይታሰራል እንጂ ቦርሳ ውስጥ አይከተትም፤ ሞባይልም ይራቀው። የተቀበረ ሰው በ10 ደቂቃ ገደማ ካልወጣ ተስፋው ቶሎ ይመነምናል። ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? የሚያወጣችሁ አብሯችሁ ያለው ሰው ነው።

የኔም ጉድ እዚሁ ላይ ነው። ጠዋት መኪና ማቆሚያው ላይ መሪያችን ስለ ቢከኑ ስታስረዳ፣ ምልክት መላኩ ገባኝ፤ ወደ መፈለጊያ እንዴት እንደሚዞር ግን አልገባኝም። "ገባህ?" ስትለኝ "አዎ!" አልኳት። ይሉኝታ ነዋ! በሰው ፊት ደንቆሮ ላለመባል።

ሁለት ሰዓት ያህል እንደወጣን በረዶው ከእግራችን ሥር "ውምፍ!" ብሎ ቁጭ አለ። መሪዋ እጇን አነሳች፤ ሁላችንም ባለንበት ቀጥ አልን። ከሥር ያለው ልል በረዶ ተደረመሰ ማለት ነው አለችን። አብሮ አደጌ ከፊቴ ነበር። ይሄ ሰው አሁን ቢቀበር የምፈልገው እኔ፤ ቁልፉን የማላውቀውም እኔ! የደብረ ብርሃን ልጅነቴ የት እንደገባ እንጃ፤ አፌ ደርቆ "ቅድም አልገባኝም ነበር" አልኩ።

አልተቆጣችም። መጀመሪያ በመጣንበት መልሳን ሜዳማ ቦታ ላይ አቆመችን። ከዚያ ትርፍ ቢከን በረዶ ውስጥ ቀብራ ሦስት ጊዜ አስፈለገችኝ። ያሰብነውን ቁልቁለት ትተን ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ገር ተዳፋት አንድ በአንድ ወረድን። እዚያም በረዶው እስከ ጉልበት ነው፤ ልጅ ሆነን ጭድ ክምር ላይ የዘለልነውን አስታወሰኝ።

ወደ ቤት ስንነዳ ጓደኛዬ ብዙ መንገድ ዝም ብሎ ቆየና፣ "አንተ፣ እኔን በይሉኝታህ ልታስቀብረኝ ነበር እኮ" አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

እንግዲህ ዋናው ምክሬ ይሄ ነው። ያልገባችሁን አልገባኝም በሉ። እግራችሁን ጫማው ከላጠው፣ ከደከማችሁ፣ ከፈራችሁ ተናገሩ። ጉዞው ቢቋረጥ ገንዘቡ እንዴት እንደሚሆን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ተራራው ላይ ግን መሪው "እንመለስ" ካለ አትከራከሩ።

በሰላም ያውጣችሁ፤ በሰላም ያውርዳችሁ!