የሙሽራዋ አበባ እስከ ሮቤ

ጥር ሲገባ የሠርግ ጥሪ ከየአቅጣጫው ይደርሳል። ከመካከላችሁ ለዘመድ ሠርግ ወይም ለአገልግሎት ወደ ባሌ የምትወጡ አትጠፉም። ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአሰላና በበቆጂ በኩል ብትሄዱ ወይም በባቱ (በቀድሞ ስሟ ዝዋይ) እና በሻሸመኔ ብትዞሩ፣ ሁለቱም መንገዶች ዶዶላ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ አዳባ፣ ከዚያ ዲንሾ፣ ከዚያም ሮቤ። የስንዴና የገብስ ማሳው ዐይን እስኪደክመው ድረስ ይዘረጋል፤ ዲንሾ ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥታችኋልና የመኪናውን መስኮት ከፍተው የነበሩ ሁሉ ይዘጋሉ።

የሙሽራዋን እቅፍ አበባ ከአዲስ አበባ አምጡልን የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። አደራው ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሙሽራዋ በጉባኤው ፊት ስትገባ አንገቱን የደፋ ጽጌረዳ ይዛ እንድትታይ ማን ይፈልጋል? ያውም ብዙ ብር የወጣበት አበባ! ስለዚህ በዚህ ጉዞ ስለ አበባ እንጨዋወት።

በባቱ በኩል የሄዳችሁ እንደሆነ በሐይቁ ዳር የተንጣለሉትን የፕላስቲክ ቤቶች ታያላችሁ። በአገራችን ከታወቁት የአበባ እርሻዎች አንዱ ሸር ኢትዮጵያ ያለው እዚያ ነው። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ የአበባ ላኪ አገር ናት። ጽጌረዳው እንደ ተቆረጠ ወዲያው ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በብርድ ክፍል ያድራል፤ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ይደርሳል፤ በአውሮፕላን ተጭኖ ሆላንድ ይገባል። በዚህ ሁሉ መንገድ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ያህል ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ እንዲቆይ ይደረጋል። የእኛው እቅፍ አበባስ? በመኪናው የኋላ መስታወት ሥር፣ ፀሐይ እየመታው፣ ከመንገድ ከተገዛ ሙዝ ጋር ተጭኖ ይሄዳል። አንድ ዓይነት ጽጌረዳ ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ ከሚደርስበት ይልቅ ሮቤ ድረስ ሲሄድ የሚደርስበት መከራ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሙዙን ያነሣሁት ለቀልድ አይደለም። የሚበስል ፍራፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ፍሬውን እንደሚያበስል ሁሉ አበባንም ያስረጃል፤ እምቡጡ ሳይፈካ ይጠወልጋል፣ ቅጠሉም ይረግፋል። የመኪና ጭስና የከሰል ጭስም ይኸው ጋዝ አለባቸው። ስለዚህ ሙዝና አበባ በአንድ መኪና ውስጥ አይጎራበቱ፤ ሮቤ ስትደርሱም አበባውን ከሰል ከሚነድበት ክፍል አታሳድሩት።

አሁን ብዙ እህቶች ወደሚጠይቁት ወደ ስፕሬዩ ልምጣ። አበባ አስተካካዮች ሥራቸውን ሲጨርሱ በመጨረሻ የሚረጩት ፈሳሽ አለ። ሲደርቅ በአበባው ላይ እንደ ሰም ያለ፣ ለዐይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይተዋል። የተቆረጠ አበባ የሚጠወልገው በዋነኛነት ውሃ ስለሚያጣ ነው፤ ከአረንጓዴ ቅጠሉም ከአበባው ቅጠልም ውሃ ተንኖ ይወጣል፣ ከታች የሚተካው ግን ያንሳል። ስፕሬዩ የሚያደርገው ይህን መትነን ማዘግየት ነው። በዚህም የተነሣ በጣም የሚጠቅመው እግሩ ውሃ ውስጥ ለማይቆም አበባ ነው፤ ለሙሽራዋ እቅፍ፣ ለሙሽራውና ለሚዜዎቹ ኮት ላይ ለሚሰካው፣ ፀጉር ላይ ለሚደረገው።

አጠቃቀሙ ከባድ አይደለም። ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ በስሱ ከሁሉም አቅጣጫ ርጩት፤ የተንጠባጠበውን ቀስ ብላችሁ አራግፉ፤ እስኪደርቅ አትንኩት። ከደረቀ በኋላ በካርቶን ወይም በላስቲክ ሸፍናችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት። አንዳንድ አበባ ላይ ነጠብጣብ ስለሚተው አስቀድማችሁ በአንድ ፍሬ ሞክሩት። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውንም አንብቡ፤ ሁሉም ዓይነት አንድ አይደለምና።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ስፕሬዩ ውሃ አይጨምርም። ያለውን ይጠብቃል እንጂ የሌለውን አይሰጥም። ተጠምቶ የዋለ አበባ ላይ ብትረጩት ጥማቱን ሸፈናችሁለት እንጂ አላጠጣችሁትም። ባለቤቴና እኔ በቅድመ ጋብቻ ትምህርት ላይ ከምንቀበላቸው ወጣቶች አንዳንዶቹ ስለ ቬሎ፣ ስለ ዲኮርና ስለ ቪዲዮ ወራት የፈጀ ውይይት አድርገው፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ ገንዘብ አያያዝና ስለ ቤተሰብ ግን አንድ ምሽት እንኳ ሳይነጋገሩ ይመጣሉ። እነርሱን ሳይ ይህ ስፕሬይ ይታወሰኛል። ዲኮሩን አልቃወምም፤ ውብ ነገር ደስ ይለኛል። ቅደም ተከተሉ ነው የሚያሳስበኝ።

ስለዚህ አስቀድማችሁ አጠጡት። ከውሃው በታች የሚሆነውን ቅጠል አንሡ፤ ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ባክቴሪያ ይፈላና የዘንጉን ቧንቧ ይደፍነዋል። የዘንጉን ጫፍ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል በስለታም ቢላ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ የሚቻል ከሆነ ዘንጉን ውሃ ውስጥ እንዳለ ቁረጡት፣ አየር እንዳይገባበት። ለ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ግማሽ የሻይ ማንኪያ በረኪና ይበቃል። ስኳሩ ምግብ ነው፤ ሎሚው ውሃው በዘንጉ ውስጥ በቀላሉ እንዲወጣ ያግዛል፤ በረኪናው ባክቴሪያውን ይገድላል። በረኪናና ሎሚን ግን ለብቻቸው በፍጹም አትቀላቅሉ፤ እያንዳንዱን ለየብቻ በሊትሩ ውሃ ውስጥ አሟሙት። አበባው በዚህ ውሃ ውስጥ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይደር፤ በማግሥቱ ዝግጅቱ ይሠራ፤ ስፕሬዩ በመጨረሻ ይምጣ።

ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ብርዷ ለአበባ ወዳጅ ነው። ጠላቱ የበጋው ደረቅ ነፋስና የቀትሯ ፀሐይ ናቸው። ቁርና ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት ደግሞ በረንዳ ላይ አታሳድሩት፤ እሳት የሌለበት ክፍል ይበቃዋል።

በዚህ አጋጣሚ የፀጉር ስፕሬይ አበባን ያቆያል ስለሚባለው ልናገር። ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለም፤ ለእርጥብ ጽጌረዳም አልመክረውም። በዚያ ላይ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ በሠርግ ሥነ ሥርዓት ላይ ሻማ የምታበሩ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ጥሩ ቦታው የደረቀ ነገር ላይ ነው። ባሌ የስንዴ አገር አይደለምን? የደረቀ የስንዴና የገብስ ዛላ ሰብስባችሁ፣ ፍሬው እንዳይረግፍ ደጅ ላይ በፀጉር ስፕሬይ በስሱ ርጩና እስኪደርቅ ተዉት። መድረክ ላይ ስታቆሙት ከፕላስቲክ አበባ ይልቅ ያምራል፤ ወራትም ይቆያል። የፕላስቲክ አበባ የሚወዱ ቅዱሳን ይቅር ይበሉኝ፤ አቧራውን ማን እንደሚያጥበው ግን የእህቶች ኅብረት ይጠየቅ።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን አስተርፉና ወደ ላይ ውጡ። ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ጎባ አለች፤ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ የነበረችው። ከጎባ የደሎ መና መንገድ በኮሶና በጥድ ደን መካከል ይወጣል፤ ቢጫ አበባ ያለውን አሜጃ ታያላችሁ፤ ቀጥሎ የአስታው ቁጥቋጦ ይመጣል፤ ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ያበቃና 4,000 ሜትር ላይ ሳነቴ ይዘረጋል። በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀይ ቀበሮ ለማየት ብዙ ሰው ይመጣል፤ እኔ ግን ዐይኔ የሚሄደው ወደ አበባው ነው።

በሳነቴ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፤ ነፋሱ አያርፍም። ለአበባ ከዚህ የከፋ ቦታ አይገኝም። ሜዳውን ሁሉ የሸፈነውን ግራጫ ቁጥቋጦ ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ቅጠሉ ግራጫ የሆነው በላዩ ላይ የለበሰው ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጸጉር ስላለ ነው። ጸጉሩ ነፋሱን ይከላከላል፣ ውሃውንም ይጠብቃል። አበባው ብትነኩት እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፤ ገና በሕይወት ሳለ ደረቅ ስለሆነ ተቆርጦም አይጠወልግም። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 5 ቁጥር 4 ላይ ስለ ክብር አክሊል ሲጽፍ የተጠቀመበት «አማራንቲኖስ» የሚለው የግሪክ ቃል የማይጠወልግ ማለት ነው፤ ግሪኮች ከማይጠወልግ አበባ ስም ጋር ያዛምዱታል። በክፍል ውስጥ ቃሉን ስንማር ትርጉሙን ጻፍን እንጂ አበባውን በዐይናችን አላየንም ነበር።

ጅብራውም አለ። ሰው የሚያህል፣ ከዚያም የሚበልጥ ሆኖ ብቻውን ቆሞ ታገኙታላችሁ። ሲመሽ ቅጠሎቹን ወደ መካከል ሰብስቦ ለጋውን እምቡጥ ከውርጭ ይሸፍናል። ዓመታት ሙሉ አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ጌታ ስለ ሜዳ አበቦችና ስለ ሰሎሞን ልብስ የተናገረውን እዚያ ቆማችሁ አስቡት።

ከፓርኩ ውስጥ አበባም ቅጠልም መቁረጥ ክልክል ነው፤ አንዲት ቅርንጫፍ ምን ታደርጋለች አትበሉ። የመግቢያ ፈቃዱን ዲንሾ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጨርሱ። ከጎባ ማልዳችሁ ተነሡ፤ ከቀትር በኋላ ጉሙ ሊወርድ ይችላል። ከፍታው ራስ ስለሚያሳምም አትሩጡ፤ ውሃ ጠጡ፤ ጋቢ ያዙ። ሙሽሮቹ ቬሎና ሱፍ ለብሰው ሳነቴ ላይ ፎቶ እንነሣ ካሉም አትከልክሏቸው፤ እቅፍ አበባው ግን ካሜራው እስኪዘጋጅ ድረስ ከካርቶኑ አይውጣ።