የመንገደኛው ውሻ

የዋግ ዋና ከተማ ሰቆጣ ከዓለት የተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በአቅራቢያዋ ያለላት ናት። ከእርሷ ወደ ላሊበላ የሚሄደው መንገድ ዳገትና ቍልቍለት እየተፈራረቀበት በተራሮች መካከል ይጠማዘዛል። ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋራ ሩቅ አገር በተጓዘ ጊዜ ውሻው በእግሩ ተከትሎታል፤ ዛሬ ግን ቤተ ሰብ አገር ሲለውጥ ታማኙን ጠባቂ በመኪና ይጭነዋል።

«መንገዱ ሩቅ ነው፥ እንዳይራብ» ብሎ በመነሻው ሰዓት ማጥገብ ርኅራኄ ይመስላል። ነገር ግን ሆዱ የሞላ ውሻ በመኪና ሲናወጥ ምራቁን ያዝረበርባል፥ ያስመልሰዋል፥ ይደክማል። ስለዚህ ከመነሣት 3 ወይም 4 ሰዓት አስቀድሞ ጥቂት ምግብ ይሰጠው። ጎሕ ሲቀድ የሚነሣ ግን የማታውን ራት አብልቶ የጧቱን ይተው። የነነዌ እንስሳት ከሰው ጋራ እንደ ጾሙ የምናውቅ ሁሉ የጥቂት ሰዓት ጾም ጭካኔ እንዳይደለ እንረዳለን፤ ለቡችላ ብቻ ረዥም ጾም አይስማማውም።

ውኃ ከቶ አይከልከል፤ በየማረፊያው ጥቂት ጥቂት ይጠጣ፥ በገመድ ተይዞም እግሩን ያፍታታ። ዋናውን መብል ደርሶ ካረፈ በኋላ ይብላ።

ሌሊቱን በራችንን የሚጠብቅ ፍጡር ሕመሙን መናገር አይችልምና፥ የሆዱን ነገር አስቀድሞ ማሰብ የጌታው ፈንታ ነው።