አምስት ብቻ

ኤፍ-14 ቶምካት በጦርነት ስንት አውሮፕላን እንደጣለ ጄት የሚወድ ጓደኛችሁን ጠይቁት። ሃምሳ ይላችኋል፣ መቶ ይላችኋል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ32 ዓመት ውስጥ በዚህ ጄት የጣለው አምስት ነው። አምስት! ከአምስቱ አንዱ ደግሞ ሄሊኮፕተር ነው።

እንቁጠራቸው (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው)። ኦገስት 19 ቀን 1981፣ ሊቢያ አጠገብ ሲድራ ባሕረ ሰላጤ ላይ፣ ከኒሚትዝ መርከብ የተነሱ ሁለት ቶምካቶች ሁለት የሊቢያ ሱኮይ-22 ጣሉ። ቀድሞ የተኮሰው ሊቢያዊው ነበር፤ አንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሁሉም ነገር አለቀ። ስኳድሮኑ ቪኤፍ-41 ነው። ጃንዋሪ 4 ቀን 1989 ደግሞ የቪኤፍ-32 አብራሪዎች ከሊቢያ ጠረፍ ብዙም ሳይርቁ ሁለት ሚግ-23 መቱ። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ላይ ቪኤፍ-1 አንድ የኢራቅ ሚ-8 ሄሊኮፕተር ጨመረ። በቃ። ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይመታል የተባለለት ፎኒክስ ሚሳይል፣ ጄቱ የተሠራው እሱን ለመሸከም ነው እስኪባል ድረስ፣ በአሜሪካኖቹ እጅ በውጊያ ተተኩሶ አንድም አልመታም።

ታዲያ ለምን እንወደዋለን? ስለሚያምር ነዋ። ለማረፍ ሲቀርብ ክንፉን ይዘረጋል፣ ሲፈጥን ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ ኋላ ይሰበስብለታል፤ ልክ ለመወርወር እንደተዘጋጀ ጭልፊት። የ«ጆሊ ሮጀርስ» ስኳድሮን ጅራቱ ላይ የሳለው የራስ ቅልና አጥንት አለ። ቪኤፍ-84 በ1995 ሲፈርስ ቪኤፍ-103 የራሱን ስም ጥሎ ያንን ምልክት ወረሰ፤ ሰው ለአንድ ጅራት ሥዕል ስሙን ይቀይራል! የ1986ቱ «ቶፕ ገን» ፊልምም አለ። በነገራችን ላይ፣ ፊልሙ ላይ «ሚግ-28» ተብሎ የቀረበው የጠላት ጄት ጥቁር የተቀባ ኤፍ-5 ነው፤ የኛ አብራሪዎች በ1977 ኦጋዴን ላይ ከሶማሊያ ሚጎች ጋር የተዋጉበት ዓይነት።

ግን ቶምካት በእውነት የተዋጋው ኢራን ውስጥ ነው። ሻሁ 80 አዝዞ 79 ደረሱት፤ በ1979 አብዮቱ መጣ፣ በዓመቱ ኢራቅ ወረረች። ሻጩ ጠላት ሆኗል፣ መለዋወጫ የለም። ቢሆንም ጄቶቹ ስምንት ዓመት ሙሉ በረሩ፣ ፎኒክስም እዚያ መታ። ስንት እንደጣሉ አሁንም ያከራክራል፤ አምስትን ብዙ ጊዜ እጥፍ እንደሚሆን ግን አያከራክርም። ከቶምካት አብራሪዎች ሁሉ ብዙ ጣለ የሚባለው ጀሊል ዛንዲ ኢራናዊ ነው። በ2001 የሞተው በመኪና አደጋ ነው። የሱ ፖስተር ማን ግድግዳ ላይ አለ?

በአሜሪካኖቹ በኩል ታሪኩ ሌላ መንገድ ያዘ። በ1990ዎቹ ሰማይ ላይ የሚገጥመው ሲያጣ ቶምካት ቦምብ ጣይ ሆነ፦ ቦስኒያ፣ ኮሶቮ፣ አፍጋኒስታን፣ ኢራቅ። አድናቂዎቹ ይሄን ክፍል በበረራ ብዛትና በቦምብ ክብደት ይቆጥሩታል። እኔም እንደዚያው አነበዋለሁ፣ ደስ እያለኝ። ከዚያ እኛ ሀገር «ሚግ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ልጇን አዝላ ዋሻ የገባችበትን ቀን የምታስታውስ እናት እንዳለች ትዝ ይለኛል፤ የቦምቡ ክብደት ለሷ ምኗም አይደለም። ሁለቱን ስሜቶች ማስታረቅ አልቻልኩም፣ የሚታረቁም አይመስለኝም።

ቶምካት በሴፕቴምበር 2006 በአሜሪካ ጡረታ ወጣ። ሌሎች ያረጁ ጄቶች አሪዞና በረሃ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ለዓመታት ይቆማሉ። ቶምካቶቹን ግን አብዛኞቹን ቆራርጠው ፈጩዋቸው፤ መለዋወጫቸው ዞሮ ዞሮ ኢራን እንዳይገባ ተብሎ። ዛሬ ሙዚየም የቆሙት ከዚያ የተረፉት ናቸው።

በጁን 2025 እስራኤል ቴህራን ውስጥ መሬት ላይ የቆሙ ኤፍ-14ዎችን መትታ ቪዲዮውን ለቀቀች። ሁለት ጊዜ አየሁት። መጀመሪያ ያየሁት ጄቶቹን ነው። ሁለተኛውን ጊዜ ያየሁት አጠገባቸው ሰው ይኖር እንደሆነ ለማየት ነበር።