ወለድ፣ ቁራኛ፣ ዕቁብ

እናቴ ከናይሮቢ ካልጋሪ ያመጣንን የብድር ውል «የዕዳ ደብዳቤ» እያለች ነበር የምትጠራው። የጥምቀትን ስብከት እየሰማ ያደገ ሰው ቀልዷ ወዲያው ይገባዋል። ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን አስፈርሞ አንዱን በዮርዳኖስ፣ ሌላውን በሲኦል ያኖረው፣ ልጆቻቸውም ሳይፈርሙ የወረሱት ደብዳቤ ነው። የእኛው ያለው ዮርዳኖስ ውስጥ ሳይሆን ፍሪጃችን ላይ ነበር፤ በማግኔት ተለጥፎ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ካናዳ ተቀብላ የምታሰፍራቸው ስደተኞች የአውሮፕላን ትኬታቸውን ወጪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍኑት ከመንግሥት በሚሰጥ ብድር ነው። ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1951 ሲሆን በመጀመሪያ የታሰበውም ከጦርነቱ በኋላ ከአውሮፓ ለሚመጡ ሰዎች ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ዕዳውም የተቆጠረው በዚያው ነው።) እኛ በ2008 መጨረሻ ስንደርስ ክፍያው የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነበር፤ የተወሰነ ጊዜ ካለፈ ደግሞ ወለድ ይታሰብበታል። ከየካቲት 2018 ወዲህ ለሚሰጡ ብድሮች ወለዱ ቀርቷል፤ የመጀመሪያው ክፍያም ከአንድ ዓመት በኋላ ሆኗል። የእናቴ፣ የሁለቱ ወንድሞቼና የእኔ ድምር 6,200 ዶላር ነበር።

ፈራሚዋ እናቴ ነበረች። እንግሊዝኛ የማነበው እኔ ስለነበርኩ ግን ፖስታው ሲመጣ የምከፍተው፣ ስልኩ ሲደወል የማነሳው እኔ ነኝ። 18 ዓመቴ ነበር። ቀን እማራለሁ፤ ማታ አየር ማረፊያው አካባቢ ባለ ሆቴል አንሶላ አጥባለሁ። በወር ከ120 እስከ 150 ዶላር እየከፈልን በ2013 ጨረስን።

በኋላ ሥነ ጽሑፍ ሳጠና «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደገና አነበብኩ። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የበዛብህንና የሰብለወንጌልን ፍቅር ነው። ከፍቅሩ በፊት ግን ስእለት አለ። እናቱ ልጇ እንዲተርፍላት ተሳለች፤ በዛብህ ያልተጠየቀበትን ስእለት ሲያድግ በራሱ ሕይወት እንዲከፍል ተጠበቀበት። ድሮ ሳነበው እናቱ ላይ እናደድ ነበር። አሁን አልናደድም። ልጇን ለማትረፍ ያላትን ሁሉ አስይዛ ተበደረች፤ የእኔም እናት ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ዕዳችን ወረቀት አልነበረውም። የእናቴ እህት በ2004 የሠርጓን ወርቅ ሸጣ ነው ናይሮቢ ድረስ ያደረሰችን። እናቴ ስለ መመለስ ባነሳች ቁጥር «በእህትማማች መካከል ምን ሒሳብ አለ?» እያለች ትዘጋዋለች። በ2016 የአክስቴ ሁለቱም ኩላሊቶች ደከሙ። አዲስ አበባ ውስጥ በግል ሆስፒታል፣ በሳምንት ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ የኩላሊት እጥበት ታዘዘላት።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። በ2014 አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው በርሜል ነዳጅ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ወርዷል። ካልጋሪ በነዳጅ የምትኖር ከተማ ናት፤ የመሐል ከተማው ፎቆች ሲራቆቱ የሆቴሉም አልጋ ተራቆተ፣ የእኔም የሥራ ሰዓት ተቀነሰ። የተማሪ ብድሬ መክፈያ ደግሞ ከምረቃ ስድስት ወር ቆይቶ ጀምሯል። የቀረኝ ክሬዲት ካርድ ነበር። ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ እያወጣሁ ላክሁ።

«ብድር በምድር» እንላለን። እኔ ብድሩን ለመመለስ ሌላ ብድር ገባሁ። አክስቴ በ2017 በፍልሰታ ጾም አረፈች። ወለዱ ግን መውለዱን አላቆመም።

ቃሉን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ወለድ ከወለደ ነው። ግሪኮችም ነገሩን እንዲሁ አይተውታል፤ «ቶኮስ» የሚለው ቃላቸው ልጅም ነው፣ ወለድም ነው። አርስቶትል በ«ፖለቲካ» መጽሐፉ ገንዘብ ገንዘብን መውለዱን ከተፈጥሮ እጅግ የራቀ ንግድ ነው ሲል ያነሳውም ይህንኑ ቃል ነው። ክፍል ውስጥ ሲነገር ደስ የሚል ነገር ነው። ቤት ስገባ ግን ልደቱ እንዲህ ነበር፦ የካርዱ ዕዳ 11,400 ዶላር፣ የዓመቱ ወለድ 22.99 በመቶ። በየወሩ 230 ዶላር እከፍላለሁ። ከዚያ ውስጥ 218ቱ ለወለድ ይሄዳል፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 12 ዶላር ነው። በዚያው አካሄድ ብቀጥል ለመጨረስ 13 ዓመት ገደማ ይፈጅብኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ አእምሮዬን የያዘው ቃል ቁራኛ ነበር። ዛሬ በብዛት የምንሰማው «የአልጋ ቁራኛ» ስንል ነው። ድሮ ግን ባለዕዳው ሳይከፍል ወይም ጉዳዩ ችሎት ሳይቀርብ እንዳይጠፋ ከባለገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ አዲስ አበባን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ሁለቱ ተሳስረው በገበያ መሐል ሲያልፉ ጽፈዋል፤ ፎቶም አንስተዋል። የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ» ፊልም ያየ ሰው ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተሳስረው ሲጓዙ ምን እንደሚመስል ያስታውሳል።

ጨካኝ ሥርዓት ነበር፤ ይመለስ የሚል የለም። አንድ ነገር ግን ነበረው። ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ነበረው። ባለዕዳው ሲታሰር ባለገንዘቡም ይታሰራል። ባለዕዳው ፀሐይ ሲመታው ባለገንዘቡንም ይመታዋል። ነገሩ በቶሎ እንዲያልቅ ሁለቱም ይፈልጋሉ። የእኔን ሰንሰለት ሌላኛውን ጫፍ የያዘው ማን ነበር? አንድ ቀን በዘገየሁ ቁጥር ይደወልልኛል፤ ደዋዩ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው፣ የሚጠይቀኝም ስሜን ሳይሆን የፋይል ቁጥሬን ነው። የሚደውሉት ልጆች እንደ እኔው በሰዓት የሚከፈላቸው ነበሩ። ከሰንሰለቱ ወዲያ ማዶ የሚደክመው፣ የሚቸኩል ሰው አልነበረም።

ወዲህም ቢሆን ብቻዬን ነበርኩ። ይሉኝታችን ስለ ገንዘብ መላክ እንጂ ስለ ገንዘቡ መነሻ አያናግርም። አዲስ አበባ ባንክ ቤት የሐዋላው ገንዘብ ሲቆጠር በ22.99 በመቶ የመጣ መሆኑ በደረሰኙ ላይ አይጻፍም። ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ቆመን ስለ ብርዱ እናወራለን፤ ስለ ካርዱ አናወራም።

በጥር 2018 እናቴ ዕቁብ አስገባችኝ። በ17ኛው አቬኑ ሳውዝ ኢስት፣ ፎረስት ሎውን በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ይሰበሰባል። በዚሁ መንገድ ላይ ደመወዝ እስኪደርስ የሚያበድሩ ሱቆች አሉ። አልበርታ በ2016 ባወጣችው ሕግ ለ100 ዶላር ብድር ያስከፍሉት የነበረውን ከ23 ወደ 15 ዶላር አውርዳባቸው ነበር። 15 ዶላር ትንሽ ይመስላል፤ ለሁለት ሳምንት ብድር ከሆነ ግን በዓመት ሲሰላ 390 በመቶ ነው። ዕቁባችን 20 ሰው ነበረው፤ በወር 600 ዶላር፣ ዕጣው 12,000። በሆቴሉ ላይ የአስተርጓሚነት ሥራ ጨምሬ ነው ስድስት መቶዋን የቻልኳት።

ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ ይጠይቃል። ዳኛና ዋስ ቁራኛ ከነበረበት ችሎት የመጡ ቃሎች ናቸው። ዳኛው በመጀመሪያው ቀን «ዋስሽ ማን ነው?» አሉኝ። ከእናቴ ጋር ማታ ማታ ቢሮ የሚያጸዱ አንዲት እትዬ ቡናቸውን ሳያስቀምጡ «እኔ ነኝ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

ዳኛው ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ «የቸገረው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። በሦስተኛው ወር እጄን አነሳሁና ሁሉንም ተናገርኩ፤ ስንት እንዳለብኝ፣ በስንት በመቶ፣ ለማን እንደላክሁት። ጓዳው ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ሰው «እኔም አለብኝ» አለ። ቀጥሎ ሌላዋ። ዕጣው ለአንድ የታክሲ ሹፌር ወጣ። ወረቀቷን አጥፎ ለዳኛው መለሰና «ለእሷ ይሁን፤ የእኔ የትም አይሄድ» አለ። በማግስቱ ካርዱን ዘጋሁት።

ከዚህ በኋላ አንድ ጓደኛዬ «ስድስት መቶውን በቀጥታ ለባንኩ ብትከፍዪ ኖሮስ?» ብላኛለች። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አስልቼዋለሁ። በወር 600 ዶላር በቀጥታ ብከፍል በ24 ወር ይዘጋል፤ በድምሩ 14,300 ዶላር ያህል እከፍል ነበር። ዕጣው ቶሎ ስለደረሰኝ ዕቁቡ ከ2,000 ዶላር በላይ አትርፎልኛል። በ18ኛው ወር ደርሶኝ ቢሆን ትርፉ ሁሉ ጠፍቶ እንዲያውም እከስር ነበር።

የዕቁቡ ጥቅም ግን ከሒሳቡ ያልፋል። አንድ ወር ደክሞኝ 600 በመክፈል ፈንታ 230 ብከፍል ባንኩ አይጎዳም፤ እንዲያውም ያተርፋል። ባንኩ የሚኖረው በመዘግየቴ ነው። ዕቁብ ላይ ብዘገይ ግን የሚከፍሉት እትዬ ናቸው፤ ቢሮ አጽድተው ካገኙት። ዕጣ ከወሰድኩ በኋላ የቀሩትን 17 ወሮች አንድም ሳላሳልፍ የከፈልኩት ጎበዝ ሆኜ አይደለም። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ የሰንሰለቱን ሌላ ጫፍ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ ስለማያቸው ነው።

ሆቴል አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ይህን ስነግራት ሳቀች፤ እነሱ «ፓሉዋጋን» ይሉታል። ሶማሌዎች «ሀግባድ» አላቸው፤ በካሪቢያን ደግሞ «ሱሱ» አለ። ባንክ የማያውቃቸው ሰዎች በየቋንቋቸው ያንኑ ደርሰውበታል።

ዕቁብን እንደ ተረት ላቀርበው አልፈልግም። በሁለተኛው ዙር አንድ አባል ዕጣውን ወስዶ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄደ፤ ስልኩን ዘጋ፤ ዋሱ አምስት ወር ከፈለለት። ማንም ፍርድ ቤት አልሄደም፤ ሰውየውን ግን ከዚያ ወዲህ በማኅበራችን ያየው የለም። ይህም ቁራኛ ነው፤ እስከ መንፈቅና ከዚያ በላይ የሚጎትት። ሌላም አለ። 20 ወር ሳላዛንፍ መክፈሌ በብድር ታሪኬ መዝገብ ላይ አንዲት ነጥብ አልጨመረልኝም። ለዚያ መዝገብ ዕቁቡም፣ እትዬም፣ የታክሲ ሹፌሩም የሉም።

የተማሪ ብድሬ 22,000 ዶላር ነበር። የፌዴራል መንግሥቱ ከሚያዝያ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በእሱ ድርሻ ላይ ወለድ ማሰብ አቆመ፤ የአልበርታው ድርሻ ግን ይወልዳል። ስለዚህ የአልበርታውን አስቀድሜ፣ የፌዴራሉን አስከትዬ በኅዳር 2024 ጨረስኩ። ስክሪኑ ላይ ዜሮ ታየ። የመረቀኝ የለም። ላፕቶፑን ዘግቼ ወደ ሁለተኛው የመመረቂያ ምዕራፌ ተመለስኩ።

የአክስቴ ወርቅ ግን አልተከፈለም። ኩላሊቷ ላይ ያዋልኩትን ገንዘብ ከወርቁ ጋር ለማቻቻል ሞክሬ አውቃለሁ። አልተቻቻለልኝም፤ ሒሳብ የለም ያለችውም እሷው ናት። ልጆቿ አዲስ አበባ አሉ፤ ታናሽቱ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። በወር የምልክላት ገንዘብ ከደመወዜ ነው።

ዕቁቡ አሁን ሦስተኛውን ዳኛ ይዟል። ባለፈው መስከረም ከካምፓላ የመጣች የ23 ዓመት ልጅ ልትገባ ፈልጋ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ዳኛው ዋስ ጠየቋት። ካልጋሪ ውስጥ የምታውቀው ሰው አልነበረም። ከእሷ ጋር የተነጋገርነው ምግብ ቤቱ በር ላይ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ዋስ ሆንኳት። ዙሩ የሚያልቀው በሚያዝያ ነው፤ እሷ ካልከፈለች 600ው ከእኔ ነው። እስካሁን አንድም ወር አላለፋትም።