ቢጫው ሥር

የፍራንክፈርት ነባር ሰዎች ካሮትን «ጌልቤ ሩቤ» ይሉታል፤ ቢጫ ሥር እንደ ማለት ነው። ክላይንማርክትሃለ በተባለው የከተማይቱ የተሸፈነ ገበያ ይህን ስም ስሰማ፣ ሻጯ የምታነሣው እንደ ብርቱካን የደመቀ በመሆኑ ስምና መልክ አልገጥም ይሉኛል።

ስሙ አልተሳሳተም፤ አርጅቷል እንጂ። ካሮት ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው እስያ ሲለማ ሐምራዊና ቢጫ ነበረ፤ ወደ አውሮፓም የዘለቀው በእነዚሁ መልኮች ነው። ብርቱካንማው ጎልቶ የታየው በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን፣ ይልቁንም በኔዘርላንድ ነው። ገበሬዎቹ ለኦሬንጅ ልዑል ለዊልያም ክብር ሲሉ አቀለሙት የሚባለውን ተረት የዘመኑ ሰነድ አይደግፈውም። እኛም ብንሆን መልካም ነገር ሁሉ ከቤተ መንግሥት ቢወለድ ደስ ይለናል። (ጨዋታው በአማርኛ እንኳ አያምርም፤ ብርቱካናችን ስሙን ያገኘው በዐረብኛ በኩል ከፖርቱጋል ነውና።)

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ከ600 በላይ የካሮት ናሙናዎችን የውርስ ሰሌዳ የመረመሩ ሊቃውንት እንዳሳዩት፣ ለዚህ መልክ ሦስት ዘረ መሎች ከሥራቸው መታገድ አለባቸው፤ ያውም በእናትም በአባትም ወገን። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ በአጋጣሚ ይከሠት ይሆናል፤ የሚጸናው ግን በሰው እጅ ነው። ካሮት በተዘራበት ዓመት ዘር አይሰጥም። የተመረጠው ሥር የበረዶውን ወራት ተጠብቆ በሁለተኛው ዓመት ዳግም መተከል አለበት። ስለዚህ ስሙ ያልተጻፈ ገበሬ፣ በርሃብ ወራት ሳይቀር፣ ከሁሉ ያማረውን ሥር ሳይበላ ማስቀመጥ ነበረበት።

ያስቀመጠው ምን እንደ ሆነ አያውቅም ነበር። ቀለሙን ጀርመናዊው ቫከንሮደር በ1831 ከካሮት ለይቶ ካሮቲን አለው፤ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ እንደሚለውጠው የታወቀው ከዚያ በኋላ በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ያ ቫይታሚን ሲጎድል ዓይን በመጀመሪያ የምሽቱን ብርሃን ያጣል። ይህን በባዕድ አገር የሕክምና ትምህርት ቤት ሲያስተምሩኝ፣ እኔ በሽታውን ከነስሙ አውቀዋለሁ፤ ዳፍንት ነው።

የአክስቴ ልጅ ፀሐይ ስትጠልቅ የጓሮውን በር በእጁ እየዳበሰ ይፈልግ ነበር። ካሮት በመንደራችን አልነበረም። ከበሩ ማዶ ግን ጎመን ነበረ፤ ካሮቲኑ በአረንጓዴው ተሸፍኖ፣ በጥቂት ዘይት ቢቁላላ ለአንጀት የሚገራ። ለልጅ አይሆንም ተብሎ ለእርሱ አይቀርብለትም ነበር።